አባቴ ታከርን የሰጠባት ቅዳሜ

ስምንት ዓመቴ ላይ አባቴ ደሴን ለሰው ሰጠ።

በዓይኔ አይቻለሁ። ውል አልተፈረመም፣ ምስክር አልተጠራም። ባሕር ማዶ፣ ታከር የምትባል ከተማ ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ሰውዬ «አገር ስጠኝ» አለው። አባቴ ትንሽ አሰበና «ደሴን ሰጠሁህ» አለ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ተቀበለ። እናቴ ነዚፋ ምድጃው ፊት ቆማ ዓሣ ትጠብስ ነበር፤ የተወለደችበት ከተማ ከጀርባዋ ሲሰጥ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

እኔም ያን ያህል አልደነገጥኩም። ደሴ ለእኔ ስልክ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋ የሚቆራረጥ አገር ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎንደር ሄደች። ከዚያ ሐረር። አባቴ ኑዕማን እጁ የማይታጠፍ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከመስጊድ ሲወጣ ኪሱ ባዶ ነው እያለች እናቴ ታማዋለች። ግን ከተማ የሚያህል ነገር በየሳምንቱ የሚያድል ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ተቀባዩ ጋሼ ሽፈራው ይባላል። አባቴና እሱ ካርቱም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዲት ደህና ጫማ በተራ እያደረጉ ስደትን ያሳለፉ ጓደኞች ናቸው። እስከዚያ ዓመት ድረስ እኔ የማውቀው ግን በስሙ ብቻ ነበር። የሀበሻ ግሮሰሪው በር ላይ በነፃ የሚቀመጥ ወርሃዊ ጋዜጣ አለ። በመጨረሻው ገጹ ላይ ጥቁርና ነጭ ሳጥኖች የተደረደሩበት «ሰምና ወርቅ መስቀለኛ ቃላት» ይወጣ ነበር፤ ከሥሩ «አዘጋጅ፦ ሽፈራው» ይላል። ለእያንዳንዱ ቃል አንዲት ፍንጭ አለች። ፍንጯ ላይ ላዩን ስለ በሬ ወይም ስለ ሠርግ የምታወራ ትመስላለች፤ ያ ሰሙ ነው። ሰሙን አቅልጦ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን ቃል ማውጣት ደግሞ ወርቁ። አባቴ ኮሌጅ ፓርክ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ መንገደኛ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ያንን ገጽ መሪው ላይ ዘርግቶ ይፈታው ነበር። አንድ ጊዜ ገጹ ጠፋና በቦታው የአንድ ጠበቃ ፎቶ መውጣት ጀመረ። አባቴን ስጠይቀው «ሽፈራው ታሞ ነበር። አሁን ድኗል፤ ቅዳሜ ይመጣል» አለኝ።

ድኗል ከተባለ፣ ቅዳሜ የማየው ነገር ሁሉ ጠባዩ ነው ማለት ነው። እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው።

ጠባዩ ደግሞ አላማረኝም። ሚስቱ እትዬ ኤልፍነሽ የመኪና መግቢያችን ላይ ታወርደውና ወደ ሱቋ ትሄዳለች። እሱ ከዘራውን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ግዛቱን እንደሚጎበኝ ባላባት ዝግ ብሎ ይገባል። ሰላም ሲሉት ቶሎ አይመልስም። ሲስቅ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚስቀው፤ ቀኙ ንቆን ዝም ይላል። አገር ሊቀበል ሲል ደግሞ ምራቁ ይመጣና በነጭ መሐረብ ይጠርገዋል። ከተማ አስቦ ምራቁ የሚመጣ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ምሳው ሁልጊዜ ዓሣ ነበር። በሌላው ቀን ዶሮ የማይለያት እናቴ፣ ቅዳሜ ሲሆን ዓሣ ብቻ ታወጣለች። ለጋሼ ሽፈራው የሚገባ ግብር መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው፤ እኛ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን፣ የኛን ሥጋ እሱ አይበላ፣ የሱን እኛ አንበላ። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም፤ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል። ጋሼ ሽፈራው ራሱ ዓሣ ይወድ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሳህኑ ሲነሳ አባቴ የፒዛ ካርቶን ክዳን ላይ በማስመሪያ ሳጥን ያሰምራል። ጋሼ ሽፈራው አይጽፍም፤ ባላባት መቼ ይጽፋል? ፍንጩን በቃሉ ይናገራል፣ አባቴ ይሞላል።

«እንቆቅልህ።»

«ምን አውቅልህ» ይላል አባቴ።

«ራስ… ቢዞር… እንጀራ… ይገኛል። ሁለት… ሳጥን።»

እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያስቀምጣል፣ ያየዋል፣ ከዚያ ሌላውን ያመጣል። ልባችንን ሊያደርቀው ነው እል ነበር።

አባቴ ጣሪያውን አየ። «ራስ ቢዞር… ሐኪም ነው?»

«እንጀራ… ነው… ያልኩህ።»

«የሐኪሙ እንጀራ ነዋ። የሰው ራስ ካልዞረ እሱ ምን ይበላል?»

«ሐኪም… ሦስት ሳጥን… ይፈጃል። ቁጥር… መቁጠርም… ረሳህ?»

እናቴ ከምድጃው ዞራ በከንፈሯ ብቻ አንድ ቃል ስትሠራ አየኋት። ሁለት ፊደል ናት። አባቴም አያት። ግን አመሰግናለሁ ከማለት ይልቅ ዓይኑን አፈጠጠባት፤ እሷም የእጅ ፎጣዋን ነክሳ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ወንድ ልጅ በኩራቱ አገር ያጣል ማለት ይሄ ነው፣ አልኩ በልቤ።

«አላወቅሁም» አለ አባቴ።

«አገር… ስጠኝ።»

«ኮምቦልቻን።»

«ባለፈው… ሰጥተኸኛል። ከነአየር… ማረፊያዋ።»

«እንግዲያው ወልዲያን ሰጠሁህ።»

ያኔ ጋሼ ሽፈራው ከዘራውን ወለሉ ላይ አቁሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፤ ቃላቱ አንዱ የሌላውን እጅ ይዘው ይወጣሉ።

«ወልዲያ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
ሰንጋውን በገበያው እንደ ጉንዳን ነድቼ፣
ኑዕማንን እረኛ አድርጌ፣ ቁርሱን ከልክዬ፣ ምሳውን በልቼ።»

ከዚያ ፍቺው ይመጣል። መልሱን መናገር ብቻ አይበቃም፤ ሰሙ በየት በኩል እንደቀለጠ ማሳየት ግዴታ ነው። «ራስ… የሚለውን ቃል… አዙረው። ከኋላ ወደፊት… አንብበው። ስራ። ስራ… ካለ… እንጀራ አለ።»

አባቴ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ይቺን እንዴት ሳትኳት።» ካርቶኑ ላይ ስ-ራ ብሎ ጻፈ። ጋሼ ሽፈራው በግራ በኩል ፈገግ አለ፣ ምራቁን ጠረገ። ወልዲያም ሄደች።

አሁን ሳስበው፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መልሱን የማያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሼ ሽፈራው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሥራ ቦታ ላይ፣ ስትሮክ ጥሎት ነበር። ቀኝ እጁንና የምላሱን ግማሽ ይዞበት ቀረ። የንግግር ቴራፒስቷን ኢንሹራንሱ የሚከፍላት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፤ እሷም ለእትዬ ኤልፍነሽ «ቤት ውስጥ የሚወደውን ነገር አስወሩት። ዓረፍተ ነገር እንዲጨርስ ታገሡት። ግጥም ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው» ብላታለች። እትዬ ኤልፍነሽ ለአባቴ ደወለች። አባቴ የጋሼ ሽፈራውን ፍንጮች ከካርቱም ጀምሮ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። «እኔ ካወቅሁ እሱ ምን ይናገራል?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም የማያውቅ ሰው ሆነ።

እኔ ግን ይህን የሰማሁት በሌላ ጆሮ ነው። አንድ እሑድ እናቴ ሳህን እያጠበች «ኑዕማን፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም፤ አፌን ያሳክከኛል» ስትለው ሰማሁ።

«ቻዪው።»

«አንተን ግን ደስ ብሎሃል።»

«እሱ አሸንፎ ሲሄድ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ይተኛል ብላለች ኤልፍነሽ። ይውሰድ፣ ነዚፋ። ሁሉንም ይውሰድ። እኛ ምን ይጎድልብናል?»

ሁሉንም ይውሰድ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አሰብኩት።

የኢትዮጵያ ከተሞች እያለቁ ሄዱ። ጋሼ ሽፈራው አንዷንም አይረሳም፤ ሁለተኛ ሊሰጡት ሲሉ «ወስጃለሁ» ይላል። አንድ ቅዳሜ አባቴ ጭንቅላቱን አክኮ፣ «በቃ፣ ኮሌጅ ፓርክን ሰጠሁህ» አለ።

«ኮሌጅ ፓርክ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
አውሮፕላኑን እንደ ዶሮ በደጄ ፈትቼ፣
ኑዕማንን ሻንጣ አሸክሜ፣ ቲፑን ረስቼ።»

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በሳምንቱ ግን የሆቴሉን ሸሚዝ አጣጥፎ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተና «ከኮሌጅ ፓርክ ወጣሁ» አለ። እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ የሰው አገር ውስጥ እንዴት ይሠራል? (ምክንያቱ አዲስ የተመደበበት የቅዳሜ ሺፍት ነበር። ቅዳሜን ኦፍ የሚሰጠው ሌላ ሥራ አግኝቶ ነው።)

ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ያለባት ጎረቤት ከተማ ዲኬተር ተሰጠች። ጋሼ ሽፈራው «ከዳኛው ጎን ተቀምጬ፣ ኑዕማንን በትራፊክ ቲኬት ፍርድ ቤት ጠርቼ» ሲል እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዲኬተር ጫማ ልንገዛ ስንሄድ የምንገዛበት ሱቅ ተዘግቷል፤ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እናቴ «ቦታ ቀይረው ነው» አለች። የማን ትእዛዝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አልጠየቅሁም ማለቴ፣ ያኔ እኔ ብዙ የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም። ትምህርት ቤት ድምፄ አይሰማም። መምህሬ እናትና አባቴን ጠርታ፣ ሪሃና ጎበዝ ነች፣ ግን አንድ ቀን እንኳ እጇን አውጥታ አታውቅም ብላቸዋለች። አባቴ መኪና ውስጥ «ጊዜዋ ሲደርስ ትናገራለች» አለ፤ እናቴ «እስኪደርስ ምን እናድርጋት?» አለች። እኔ ከኋላ ወንበር የራሴን ጉዳይ እሰማ ነበር።

ከዚያ ታከር ተሰጠች።

ፍንጩ «ጥርስ ጫፉ ቢወልቅ ሠርግ ይበዛል፤ ሁለት ሳጥን» የሚል ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ጣሪያውን አየ። «ድድ ነው?» አለ። «ድድ ያለው ሰው ማን ያገባዋል?» እናቴ ፎጣዋን ነከሰች። አባቴ ተሸነፈ። ደሴም፣ ዲላም፣ ዲኬተርም አልቀዋል። እጁን ዘርግቶ ሳሎኑን፣ መስኮቱን፣ የውጪውን መንገድ አሳየና «እንግዲህ የቀረችኝ ታከር ናት። ውሰዳት» አለ።

ጋሼ ሽፈራው ከዘራውን ወለሉ ላይ አቆመ።

«ታከር ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
የኑዕማንን ሳሎን ከነሶፋው ወርሼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣
እሱን ከነቤተሰቡ ጋራዥ አስገብቼ።»

ሁሉም ሳቁ። ፍቺውም ተነገረ፤ ጥርስ መጨረሻው ሲወልቅ ጥር፣ የሠርግ ወር። እኔ ግን ሠርጉን አልሰማሁትም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጎረቤታችን ሣር ላይ «ፎር ሴል» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ላይ ፎቶዋ ያለው ደላላ ሴትዮ ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። ጎረቤቶቻችን ልጃቸው አጠገብ ለመኖር ወደ ፍሎሪዳ እየሄዱ እንደነበር ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን አከራይና ተከራይ፣ ሻጭና ገዢ አልለይም። ከነሱ ጀምሮ ወደኛ እየመጡ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ጋራዡን ሄጄ አየሁት። ያረጀ ጎማ አለ፤ እናቴ ለመክሳት ገዝታው ልብስ የምታሰጣበት የመሮጫ ማሽን አለ፤ መስኮት የለም። ለሦስት ሰው ይጠባል። ሌሎቹ ሳይቀድሙኝ ማሽኑ ጀርባ ያለውን ጥግ መረጥኩና ትራሴን፣ የእጅ ባትሪና አንድ ካርቶን ብስኩት አስቀመጥኩ።

እናቴ ትራሱን አገኘችው። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል፣ የኔ እናት?»

«ቦታ ይዤ ነው።»

«ለምኑ?»

ለምን እንደማልነግራት ግልጽ ነበር፤ አባቴ «ቻዪው፣ ሁሉንም ይውሰድ» ያላት ሴት ናት። ቻለችውም። ስለዚህ በዘዴ ጠየቅኋት። «ጋሼ ሽፈራው ሲጠይቅ፣ አንቺ መልሱን ከየት ነው የምታመጪው?»

እናቴ ማንም እንደሌለ ለማየት ግራና ቀኝ ገላመጠች፤ በገዛ ጋራዧ ውስጥ። ከዚያ የመሮጫ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ታከር ውስጥ አንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ትሠራ ነበር።

«ሱፍ ሲመጣልኝ፣ ውበቱን አላይም» አለችኝ። «ገልብጬ ኪሱን ነው የምፈትሸው። ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይረሳል መሰለሽ? እስክሪብቶ፣ ማስቲካ፣ አንዴ የወርቅ ጥርስ። የጋሼ ሽፈራው ፍንጭም እንደዚያ ነው። ስለ በሬ ሲያወራሽ በሬውን አትከተዪ። ቃሉን ገልብጪውና ኪሱን ዳብሺ። አንዳንዴ ከኋላ ወደፊት ነው። አንዳንዴ ራሱ ወይም ጭራው የወለቀ ነው። አንዳንዴ መልሱ ሁለት ቃላት የሚጋጠሙበት ስፌት ውስጥ ተኝቷል። ከዚያ የተረፈው ወሬ ትርጉሙን ይነግርሻል።»

«ካወቅሁ አገሩ ይመለሳል?»

«ካወቅሽ አገር አይጠየቅም። ተራው ያንቺ ይሆናል፤ አንቺ ትጠይቂዋለሽ። እሱ ካላወቀ ላንቺ አገር ይሰጥሻል።» አየችኝ። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ።»

ያን ሳምንት ሙሉ ቃላት ገለበጥኩ። ቁርስ ላይ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ፣ ሻወር ቤት። ወተት ገለበጥኩ፣ ምንም አልወጣም። ለማ የሚባል ሰው ሳዞር ማለ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ሐሙስ ዕለት የራሴን ፍንጭ ሠራሁ። እስካሁን ድረስ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ያንን ያህል የኮራሁበት ትንሽ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም ጨምሮ።

ቅዳሜ መጣ። የምድጃው አንዱ ዓይን እምቢ ብሎ ዓሣው ዘገየ። አባቴ ጊዜ ለመግደል ካርቶኑን አስቀድሞ አወጣ። ጋሼ ሽፈራው የአባቴ ሶፋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ግጥሙ መፈጸም እንደጀመረ ልብ አልኩ።

«እንቆቅልህ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ከምሳ ርሃብ… መሃል… የበሬ ቀለብ… ወጣ። ሁለት… ሳጥን።»

አባቴ ጣሪያውን አየ። «ገለባ?»

«ሁለት… አልኩህ።»

እኔ በሬውን አልተከተልኩም። ርሃቡንም፣ ከወጥ ቤት የሚመጣውን የዓሣ ሽታም ተውኩ። ቃላቱን ገልብጬ ስፌቱን ዳበስኩ። ምሳ። ርሃብ። እዚያው መሃል ላይ ተኝቷል።

«ሳር» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። እናቴ መጥበሻውን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። አባቴ ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ደስታና ድንጋጤ እየተገፋፉ ነበር። የጓደኛውን ተራ ነጥቄበታለሁ፤ ግን ደግሞ ሰው ፊት የተናገረችው ልጁ ናት። የትኛውን እንደሚቆጣ፣ የትኛውን እንደሚስም አላወቀም።

ጋሼ ሽፈራው ብቻ አልደነገጠም። «ፍቺው?» አለ።

«የምሳን መጨረሻና የርሃብን መጀመሪያ ሲያጋጥሙት ሳር ይሆናል። በሬ ደግሞ ሳር ይበላል።»

«ልክ… ነው። ተራው… የሷ ነው።»

ብድግ አልኩ። አንቱ የምለው ሰው ስለሆነ «እንቆቅልዎ» አልኩት፤ እንደዚያ ብሎ የጀመረ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«ምን… አውቅልሽ።»

«ቦታ ከርቀት ሲታይ፣ ቤታችን መሃሉ ላይ አለ። ሦስት ሳጥን።»

እናቴ ወዲያው ፎጣዋን ነከሰች። አባቴ ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ። ሐሙስን ሙሉ የለፋሁበት ፍንጭ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር፤ ኪሱ ከውጭ ይታያል፤ ታከር እዚያው ቦ«ታ ከር»ቀት መሃል ተኝታለች። ጋሼ ሽፈራው ግን ከዘራውን አገጩ ላይ አስደግፎ ጣሪያውን አየ። ብዙ አየ።

«ፀሐይ… ነው?»

«ቤታችን ፀሐይ ውስጥ ነው እንዴ?» አልኩት።

«እሱስ… ይሞቃችሁ ነበር። አላወቅሁም።»

«አገር ይስጡኝ።»

«ሐረርን… ሰጠሁሽ።»

«አልፈልግም።»

«ጎንደርን። ከነ… ግንቡ።»

«አልፈልግም።»

«ዲኬተርን… ከነዳኛው።»

የተዘጋው ጫማ ቤት ትዝ አለኝ፤ ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የደበቅሁት ነገር ወጣ። «አልፈልግም። ታከርን ይመልሱልን። ጋራዥ ውስጥ መኖር አንችልም፤ መስኮት የለውም፤ ለሦስት ሰውም ይጠባል።»

እናቴና አባቴ ተያዩ።

«ትራሱ» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ አዘንኩለት። በሳቅ እየሞተ ነበር። ጋሼ ሽፈራው ግን አልሳቀም። በግራ እጁ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአባቴ ሶፋ ላይ ተነሳ። አባቴ ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ በዓይኑ ከለከለው። ቀጥ ብሎ ቆመና ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ።

«እኔ… ሽፈራው… ታከርን፣ ከነቤቱ፣ ከነሶፋው፣ ከነጋራዡ፣ ለሪሃና መልሼ ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ… ማንም… አይነካባትም።»

የውጪው በር ተከፍቶ ነበር። እትዬ ኤልፍነሽ ልትወስደው መጥታ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ደፉ ላይ ቆማለች። ቁልፉ ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም። እዚያው እንደቆመች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅስ ጀመር። ባሏ ታከርን ስላጣ መሰለኝ። ለነገሩ ብትጨነቅ አይፈረድባትም፤ ደህና ቤት ነው። ያ ሰው ከታመመ ጀምሮ ከግጥም ውጪ ያን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ተናግሮ እንደማያውቅ የነገረችኝ፣ እኔ ራሴ መኪና መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

«ግጥሙስ?» አለ አባቴ ዓይኑን እየጠረገ። «አገር ተቀብሎ ዝም የለም።»

ግጥም አላዘጋጀሁም ነበር። አሸንፋለሁ ብዬ አላሰብኩማ። እትዬ ኤልፍነሽን አየሁ፤ አሳዘነችኝ።

«ታከር ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
በራሴ አልጋ፣ በራሴ ትራስ ተኝቼ፣
ጋሼንና እትዬን ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ጠርቼ።»

ጋሼ ሽፈራው አሰበበት። «ዓሣ… ካልሆነ… እመጣለሁ» አለ።

እናቴ መጥበሻዋን እንደያዘች ደረቀች። «ምነው ጋሼ ሽፈራው? ዓሣ አይወዱም እንዴ?»

«ከልጅነቴ… ጀምሮ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ምነው ዝም አሉ?»

«መናገር… አልችልም ነበራ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ኤልፍነሽ ናት፤ እያለቀሰች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ዓሣውን የበላነው እኛ ነን። ለእሱ እናቴ ሽሮ ሠራችለት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቤታችን ሽሮ ነው። መምህሬስ? በሚቀጥለው ሳምንት እጄን አወጣሁ ብል ደስ ባለኝ፤ አላወጣሁም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈጀብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ በተደረገው ግብዣ ላይ ጋሼ ሽፈራውን አጠገቤ አስቀምጠውት ነበር። ምላሱ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ እጁ ግን ቀርቷል። የጋዜጣው ገጽም ዳግመኛ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ እሱ ይናገራል፣ እናቴ ትጽፋለች። ያን ቀን አባቴ ያኔ መልሶቹን ሁሉ ያውቅ እንደነበር ልነግረው ደፈርኩ።

«እሱን… አውቃለሁ» አለኝ። «አባትሽ መልሱን ሲያውቅ… ጣሪያ ያያል። ካርቱምም… እንደዚያው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ማወቄን ካወቀ… ማን አገር ይሰጠኛል?»

አሁን የምኖረው ዲኬተር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አንድ አፓርትመንት ተከራይቼ። ቅዳሜ ግን ታከር እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴና እትዬ ኤልፍነሽ ወጥ ቤት ነበሩ። ጋሼ ሽፈራው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ወደኔ ዞረ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልዎ።»

«ራስ ቢዞር… እንጀራ ይገኛል። ሁለት ሳጥን።»

ይቺን ፍንጭ ረስቶ ደገማት ወይስ ሆን ብሎ፣ አላወቅሁም። ከወጥ ቤቱ የእናቴ ድምፅ ጸጥ አለ፤ ፎጣዋን እየፈለገች መሆን አለባት።

ጣሪያውን አየሁ።

«አላወቅሁም፣ ጋሼ።»

በግራ በኩል ፈገግ አለ። «አገር… ስጪኝ።»

«ዲኬተርን ሰጠሁዎት።» በዚህ ጊዜ «ወስጃለሁ» አላለም።

«ዲኬተር ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
አፓርትመንቱን ሁሉ ያለ ኪራይ ከፍቼ፣
ሪሃናን ለባቡር ጣቢያው ዘበኛ አድርጌ ሰጥቼ።»

ከዚያ ፍቺውን ነገረኝ፤ ሳልቸኩል እስከ መጨረሻው ሰማሁት፣ ግንባሬንም በመዳፌ መታሁ። አመሻሽ ላይ ወደ ዲኬተር ስመለስ ከወትሮው ቀስ ብዬ ነዳሁ። የሰው አገር ነው።